የማላኪ ማሞቂያ

«አክስቴ፣ ቫኑ ውስጥ የተገጠመው ነገር ምንድን ነው?»

ዴክላን በጓሮ በር የገባው ሁለት ታጣፊ ወንበሮች በብብቱ ይዞ ነው። ለቅሶ ደራሹ በዝቶ መቀመጫ ሲያንስ «ከአጎትህ ቫን ውስጥ ወንበር አይጠፋም» ብላ የላከችው ኑላ ራሷ ነበረች።

«ምን ተገጠመ?» አለች፣ ለቄሱ ሻይ እየቀዳች።

«የውሃ ማሞቂያ ነዋ። በጋዝ የሚሠራ። አዲስ ነው፤ ላስቲኩ እንኳ ገና ተልጦ አላለቀም። ከታንከሩ በላይ በቪቴ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ለጭስ ማውጫ ብሎም የቫኑን ጎን በስቶታል።» ወንበሮቹን ግድግዳ አስደግፎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አክስቴ፣ አትደብቂኝ። አጎቴ ሥራ ሊያቆም ነበር ወይስ ሲያታልለን ነበር?»

ሻዩ ከስኒው ሞልቶ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። ቄሱ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

«የምን ማታለል?» አለች የሟቹ የማላኪ እኅት አትራክታ፣ ከሳንዱቹ ክምር ቀና ብላ። ሬሳው ቤት ከገባ ጀምሮ ወጥ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። «ሰውዬው ገና ከቤቱ እንኳ አልወጣም። ነፍስ ይማር በል።»

«ነፍስ ይማር። ግን አንቺም አስቢው እስቲ፤ ሊያቆም የተነሣ ሰው ማሞቂያ ይገጥማል?»

ልጁ ያለ ነገር አልጠየቀም። በከተማችን በባሊሻነን መስኮት አጣቢ ማሞቂያ የሚያስገባው የብርዱንም ወራት ሳይቀር ሊሠራ ሲያስብ ነው። ውርጭ መስታወት ላይ ሲጋገር ቀዝቃዛ ውሃ አያስለቅቀውም፤ የውሃው ጎማ ይገተራል፣ ጣት ይደነዝዛል። ማሞቂያ የገጠመ ሰው «ገና ብዙ ብርድ አያለሁ» ያለ ሰው ነው።

ማላኪ ደግሞ ለሚስቱ ለኑላ ቃል ገብቶ ነበር። ባለፈው መከር ልቡን ይዞት ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ፣ ኑላ መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ ቁልፉን ነቅላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ሥራውን አቆማለሁ ካላልክ እዚሁ እናድራለን» አለችው።

ማላኪ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየና «መስታወትሽ ቆሽሿል» አላት።

«ቃል ግባ።»

«አንቺስ ባሕር መዋኘቱን ታቆሚያለሽ?»

«አላቆምም።»

«እንግዲያ ጅሉ እኔ ብቻ ነኛ። እሺ፣ ፀደይ ሲጠባ፣ የቅድስት ብሪጂድ ዕለት አቆማለሁ። ደንበኞቼን ለዴክላን አስረክባለሁ።»

ፀደይ ሲጠባ ሥራ የሚያቆም መስኮት አጣቢ ኑላ አይታ አታውቅም። ቢሆንም ቃል ነው ብላ ቁልፉን መለሰችና ወደ ቤታቸው ነዱ። ማላኪም ሬዲዮኑን ከፍቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሲሞት በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቃሉን ይጠብቅ እንደነበር የሚመሰክር ሰው የለም። ያለው ማሞቂያው ነው፤ እሱ ደግሞ እየመሰከረበት ነው።

ሳሎን ገባች። ማላኪ በአንድ ለእናቱ በሆነው ሱፉ፣ መቁጠሪያው እጆቹ ላይ ተጠምጥሞ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ከቅንድቡ ከፍ ብሎ ግንባሩ በልዟል፤ ቀብር አስፈጻሚው በፓውደር ሊሸፍነው ደክሞ አልተሳካለትም። ከመንገዱ ጫፍ የመጡ ሁለት ሴቶች አንገት ለአንገት ገጥመው ያንሾካሽካሉ።

«ወድቆ ነው እንዴ?»

«ልቡ ነው አሉ እኮ።»

«ልቡማ ልቡ ነው። ግንባሩስ?»

ኑላም ከመሞቱ ቀደም ብላ ጠይቃው ነበር። «በር ነው» አላት። የምን በር ስትለው «የሚከፈትና የሚዘጋ» ብሎ ወጥቶ ሄደ። እንዲህ ነበር ሰውየው፤ ነገር ሲሸሽግ ይቀልዳል፣ ሳይሸሽግም ይቀልዳል። ማሞቂያ የገጠሙትን የሙያ ጓደኞቹን መንገድ ላይ ባገኘ ቁጥር «ሙቅ ውሃ ለሻይ ነው፤ የገላ መታጠቢያ ቤት ተሸክማችሁ ልትዞሩ ነው?» እያለ ያላግጥባቸው ነበር። ታዲያ ምን አስቦ ነው? ነገሩ ከነከናት። ንዴቱም ናፍቆቱም አንድ ላይ መጡባት፤ እንባ ግን እምቢ አለ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሰው ሁሉ መጠየቅ ጀመረች። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን፣ ያኑርልኝ» ትልና እጃቸውን ሳትለቅ «ማላኪ ስለ ማሞቂያ ነግሮህ ያውቃል?» ትላለች። ባለ መድኃኒት ቤቱ ቫኑን በደህና ዋጋ ሊሸጠው ይሆናል አለ። ዳቦ ጋጋሪው፣ ወንድ ልጅ ጡረታ ሲቃረብ ያልሆነ ዕቃ ይገዛል፣ እኔም ጀልባ ገዝቻለሁ አለ። አንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ስለ ማሞቂያው የምታውቀው ነገር አልነበራትም፤ ግን ሌላ ታሪክ ነገረቻት። በመሰላል ዘመን ማላኪ የላይኛውን ፎቅ ሲያጥብ እናቷ ወለል ላይ ወድቀው ያያል፤ መስኮቱን ገፍቶ ይገባና አንሥቶ አልጋቸው ላይ እያስቀመጣቸው «ይቅርታ እመቤቴ፣ ጫማዬ እርጥብ ነው» ይላቸዋል።

«አልነገረኝም» አለች ኑላ።

«ለማንም አልነገረም። እናቴ ናት የነገረችኝ።»

ወጥ ቤት ውስጥ አትራክታ ዳቦ እየቆረጠች የራሷን ፍርድ ሰጠች። «አትልፊ ኑላዬ። ወንድሜን ከአንቺ በፊት ነው የማውቀው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። አቆማለሁ ያለሽ አንቺን ለማረጋጋት ነው፤ እሱ የማጠቢያ ዘንጉን እንደያዘ ነበር የሚሞተው።»

«እንግዲያ ዋሽቶኛላ።»

«ውሸትማ አይባልም። የሞተ አይወቀስም።»

በኛ ከተማ ወሬ ከሬሳ ቀድሞ ከቤት ይወጣል። ኑላ አላለቀሰችም፣ ስለ ማሞቂያ ብቻ ነው የምታወራው፣ ድንጋጤ ነው ተባለ። ድንጋጤ አልነበረም። አብሯት ያረጀ ሰው መጨረሻ ላይ ዋሽቷት ከሆነ የምትቀብረው ሌላ ሰው መስሎ ይታያታል፤ ለማያውቁት ሰው ደግሞ እንዴት ይለቀሳል?

እሷን እስከ ባሕሩ የሚያደርሳት እኮ እሱ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከሁለት ሴቶች ጋር በየማለዳው ሮስኖላ ባሕር ዳርቻ ትዋኛለች፣ በረዶም ቢሆን። ማላኪ ቫኑን አሸዋው ላይ ይነዳና ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ያቆማል፤ ኑላ ከፊት ስለምትቀመጥ የኋላውን በር አትከፍትም። ከዚያ ሬዲዮኑን ከፍቶ በዕለቱ የሞቱትን ሰዎች ስም ያዳምጣል። «ነገ የሚያነቡት የአንቺን ነው» ይላታል ስትወጣ። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ትመጣለች፤ ጣቶቿ ቁልፍ መቆለፍ አይችሉም። እሱ ነው ካፖርቷን የሚቆልፍላት፣ ከላይ እስከ ታች፣ እያጉረመረመ። «ዓሣ እንኳ ምርጫ ቢሰጠው እዚያ አይገባም።» እስከ እኩለ ቀን ብርዱ ከአጥንቷ አይወጣም፣ ጨውም ያሳክካታል። ተዪው ብሏት ግን አያውቅም።

በቀብሩ ማለዳ፣ ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ቤቱ ትንሽ ጋብ ሲል፣ ኑላ በጥቁር ቀሚሷ ጓሮ ወጥታ የቫኑን የኋላ በር ከፈተች። ዴክላን አይቷት ተከትሏት መጣ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሰላሉን የምትይዝለት እሷ ስለነበረች የሥራውን ነገር ታውቃለች። ውሃው ከታንከሩ ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ጎማው ጥቅል፣ ከጥቅሉ ወደ ረጅሙ ዘንግ ነው የሚሄደው። በዐይኗ ተከተለችው። ከማሞቂያው የወጣው ቱቦ ግን ወደ ጎማው አልሄደም። በበሩ ጠርዝ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ምንም ያልተንጠለጠለበት መንጠቆ አጠገብ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ያልቃል። የዘንጎቹ ማስቀመጫም ባዶ ነው።

«ተሳስቶ ነው» አለ ዴክላን። «አርጅቶ ነበር እኮ አክስቴ። ጎማው ላይ መቀጠል ነበረበት።»

«ማላኪ ቱቦ ላይ አይሳሳትም። ዘንጎቹ የት ናቸው?»

«እቤት ያስገባቸው መስሎኝ ነበር።»

ከመንጠቆው በታች አዲስ የተላገ የእንጨት ርብራብ ተዘርግቷል። ኑላ ጫማዋን ሳታወልቅ ወጣችበት። መንጠቆው ከፀጉሯ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀረ። ማላኪ በቁመቱ እዚህ ቢቆም የት ላይ እንደሚያርፍበት በእጇ ለካች። ግንባሩ ላይ ነው።

«አገኘሽው ማለት ነው» አለ አንድ ድምፅ ከጀርባዋ።

ኮልም ነበር፣ የከተማችን የጋዝ ሠራተኛ። ስኮትላንድ ሠርግ ሄዶ መርዶው እዚያ ደርሶት፣ ከመርከብ እንደወረደ መምጣቱ ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ እግዜር ቁመት ላይ የቆጠበበት ሰው ነው።

«ኮልም፣ ይሄ ለመስኮት ነው?» አለችው።

«ለልደትሽ ነበር። እንዳልናገር አደራ ብሎኛል።»

«አደራ የሰጠህ ሞቷል። ንገረኝ።»

ኮልም መሬት መሬት አየ። «ምን እነግርሻለሁ፤ እዚሁ አንቺ የቆምሽበት ላይ አቆመኝ። 'አንተና ኑላ ቁመታችሁ አንድ ነው፤ ከባሕር ወጥተህ ጨዉን እየታጠብክ ነው ብለህ አስብ' አለኝ። ከነካፖርቴ ዐይኔን ጨፍኜ ራሴን ሳሽ ጎረቤትሽ በአጥር በኩል ታየኛለች። እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።»

ዴክላን ሳቁ አመለጠውና አፉን ያዘ።

«ከፍ እናድርገው፣ ለአንተም ይሆናል አልኩት። 'እኔ ዓሣ አይደለሁም' ብሎ ዞር ሲል መንጠቆውን በግንባሩ ገጨው።»

ኑላ መንጠቆውን እንደያዘች ነበር። «ሥራውስ? ሊያቆም ነበር ወይ? እውነቱን ንገረኝ ኮልም፣ እንዳታባብለኝ።»

«የምን ሥራ? ዘንጎቹን፣ ብሩሾቹን አጥቦ፣ አሥሮ እኔ ጋራዥ አስቀምጧቸዋል። በብሪጂድ ዕለት ለዚህ ልጅ ሊሰጠው። 'ከዚያ በኋላ እኔ የማጥበው አንድም መስኮት የለም፤ ውሃው የኑላ ነው' ብሎኛል።»

ዴክላን ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«ምን ቀረው?» አለች ኑላ።

«ማሞቂያው? የጋዙ ቱቦ ብቻ። ስመለስ ልጨርሰው ነበር።»

«አሁን ጨርሰው።»

«አሁን? ኑላ፣ ሰው ሁሉ እኮ እየጠበቀ ነው። ሣጥኑ ሊዘጋ ነው።»

«አውቃለሁ። ጨርሰው።»

ኮልም ካፖርቱን አውልቆ ለዴክላን ሰጠው። ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ በለቅሶ ሱሪው ተንበረከከ። ቱቦውን ከሲሊንደሩ አገናኝቶ ካጠበቀ በኋላ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠየቀ፤ አትራክታ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ሳትጠይቅ ይዛለት መጣች። አረፋውን መገጣጠሚያው ላይ ቀብቶ፣ ጋዙን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ አየ። አረፋው አልተኩረፈረፈም፤ ጋዝ አላመለጠም። ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ጓሮ ወጡ፣ ቄሱም ልብሰ ተክህኖውን እንደለበሰ ወጣ።

ፓምፑ አጓራ። ማሞቂያው ጣ ጣ ብሎ ሰማያዊ ነበልባል ያዘ። ከቱቦው አፍ የወረደው ውሃ መጀመሪያ እንደ ጥር ውሃ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ እንፋሎት ጀመረው። ኑላ ከርብራቡ ወርዳ እጇን ዘረጋች። አያቃጥልም፣ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት ነው። ጨዉን ሊያስለቅቅላት፣ ብርዱን ከአጥንቷ ሊያወጣላት፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በየማታው ጓሮ ወጥቶ ሲበሳና ሲያስር የከረመው ለዚህ ነው። አልዋሻትም። ያኔ አለቀሰች፤ ድምፅዋን ሳትቆጥብ፣ ሰው ፊት።

ቀብር አስፈጻሚው ጉሮሮውን ጠራርጎ ቀረብ አለ። «ወይዘሮ ኑላ፣ ልንዘጋ ነው። መሰናበት ከፈለጉ አሁን ይግቡ።»

አትራክታ ፎጣ ዘረጋችላት። ኑላ ፎጣውን ትታ እጇን ውሃው ሥር ትንሽ አቆየችው፤ በደንብ እስኪሞቅ። ከዚያ በሌላው እጇ ሸፍናው፣ ሰዉ መንገድ እየለቀቀላት፣ ውሃው ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ሳሎን ገባች።

«ሞቋል ማላኪ» አለችው። «ደህና አድርጎ ሞቋል።»

እርጥብ እጇን መቁጠሪያው በተጠመጠመባቸው እጆቹ ላይ አሳረፈች። ሙቀቱ ከእጇ እስኪያልቅ ድረስ አላነሣችውም።