በጧፍ የተጠቀለለው ሽቦ

ዓርብ ረፋድ የጨው ሻጩ የአባስ ሚስት ሂንድ ስትመጣ ከፋለ የአንድ ጭነት መኪና የፊት መብራት ፈትቶ ውስጡን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«አያ ከፋለ፣ አባስን ነገ በእህል መኪና ወልድያ ሊያወርዱት ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ጋሻዬ፣ ፖሊሱ። የቀረው ወረቀት ብቻ ነው አለኝ። ያንተ ወረቀት።»

ከፋለ መብራቱን መሬት ላይ አስቀመጠው። የወረቀቱን ነገር ጠዋት ሹሙ ጓድ ሙሉሃብት ራሱ ነግሮታል፤ ከሰዓት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የጓዱን መኪናና የጮኸውን አላርሟን ይመረምራል፣ የተበላሸ ካለ ያስተካክላል፣ ከዚያ ይፈርማል።

«ወላሂ አልነካትም» አለች ሂንድ። «ቤታችን መኪናዋ ከምትቆምበት ግድግዳ ጋር የተያያዘ መሆኑን ታውቃለህ። ለሱብሒ ሰላት ሊታጠብ ኩስኩስቱን ይዞ ወጣ፤ ገና እጁን ሳያረጥብ ጮኸችበት። ፖሊሶች ሲሮጡ መጥተው ከነኩስኩስቱ ያዙት። ውሃ ሊጨምርባት ነበር ይላሉ። ጨው ሻጭ መኪና ላይ ውሃ ጨምሮ ምን ያተርፋል?»

«ምንም።»

«የሷን ጠባይ የምታውቅ አንተ ነህ። ማንም ሳይነካት ትጮሃለች ወይ?»

ከፋለ እጁን በጨርቁ ጠረገ። ጨርቁ ከእጁ ይልቅ የቆሸሸ ነበር።

«አየዋለሁ» አለ። «ከሰዓት አየዋለሁ።»

«አባስ እኮ በእስር ቤቱ መስኮት አብሽሪ ይለኛል። ከፋለ ባለሙያ ነው፣ ሲያያት ይገባዋል ይለኛል።»

ይህን ብላ ሄደች። ከፋለ ግን ለማወቅ ማየት አላስፈለገውም።

መኪናዋ ባለሁለት በር፣ ባለሁለት ወንበር፣ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ናት፤ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር አይርቅም። ከሸሸ ባለሀብት ተወርሳ ለጓድ ሙሉሃብት ደረሰችው። የላሊበላን ድንጋያማ መንገድ ስለማትችል፣ ጓዱ ወደዚያ ሲወጣ ጋሸና አቁሟት በሌላ መኪና ይሄዳል። በቆመችበት መጀመሪያ መስታወቷ፣ ቀጥሎ ራዲዮዋ ተሰረቀ። በዚህ ምክንያት ከአስመራ አላርም አስመጣ፤ አንድ ጥቁር ሣጥን፣ አንድ ጩኸት የሚያወጣ ቀንድ፣ የተደበቀ ማብሪያና አምስት ሽቦ። ከሣጥኑ ጋር የመጣው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ስለነበር ከፋለ ሥዕሉን ብቻ እየተከተለ ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው። በር ሲከፈት አንዱ ሽቦ የመኪናዋን ብረት ይነካል፤ ብረት ሲነካ ቀንዱ ይጮሃል።

አራቱን ሽቦዎች ቀጥሎ በናስትሮ፣ በሚለጠፈው የኤሌክትሪክ ፕላስተር፣ ጠቀለላቸው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ናስትሮው አለቀ። በጋሸና የቀረ ጥቅልል አልነበረም፤ የሚመጣው ማክሰኞ ከደሴ ነው። ጓድ ሙሉሃብት ደግሞ መኪናዋን ለማክሰኞ ጠዋት ይፈልጋታል። ከፋለ ቤት ገብቶ ሚስቱ አሰለች ለሕዳር ጽዮን ያስቀመጠችውን ጧፍ አወጣ። ሰም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ይህ እውነት ነው። ጧፉን ክር በክር ፈትቶ በሽቦው መጋጠሚያ ላይ አጥብቆ ጠመጠመው፣ በጣቱም እያሸ አለሰለሰው። ያማረ ሥራ ሆነ። ቦታው ከሞተሩ አንድ ክንድ የማይርቅ መሆኑን ግን አላሰበም።

ማታ ጓዱ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ካልተነካ አይጮህም?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «ካልነኩትማ ምን ሲል ጮኾ!» አለው። ሰው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። አሁን እንዲፈርምበት በሚፈልጉት ወረቀት ላይ የሰፈረው ይኸው ቃል ነው።

ማክሰኞ መኪናዋ ወልድያ ደርሳ ተመለሰች። ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ጮኸች። ከፋለ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሲሰማት በመጀመሪያ ያሰበው ሌባ አልነበረም።

ምሳ ሲቀርብ አሰለች ወጡን ካወጣች በኋላ አልተቀመጠችም።

«ጧፌን የወሰድከው አንተ ነህ» አለች። «ከመሣሪያህ ሣጥን ሥር የሰም ፍርፋሪ ጠርጌያለሁ።»

«እኔ ነኝ።»

«መኪናዋ ላይ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

አሰለች ዝግ ብላ ተቀመጠች። «ማን ያውቃል?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ሥራዬ ነው ብትል ተሳሳተ የሚልህ የለም፤ አሻጥር ነው የሚሉህ። ባለፈው ዓመት ያ የወፍጮ ባለሙያ መዘውር ሰበረ ተብሎ የት እንደገባ ታውቃለህ? ሦስት ልጅ አለን።»

«አባስም ሁለት አለው።»

«ከኛ ያንሳል» አለችና ወዲያው ደነገጠች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ማርያምን፣ እንዲህ ማለቴ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለ ከፋለ። ያነሳውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

መኪናዋ በጣቢያው ግቢ መሐል ቆማለች። የጋሸና ነፋስ አቧራውን እያነሳ ጎኗን ይመታታል፤ ቀላል ስለሆነች በመታት ቁጥር ትወዛወዛለች። ጋሻዬ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ና፣ ሐኪሟ!» አለው። «ይቺ መኪና እኮ ቁርጥ የኔን ሚስት ናት። ሳትነካት ትጮሃለች፣ ስትነካት ትጮሃለች።»

ከፋለ አልሳቀም። ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ።

ሰሙ ቀልጦ በብረቱ ላይ ወርዷል፤ ከሽቦው አንስቶ እስከ ታች ድረስ ቢጫ መሥመር ሠርቶ ደርቋል። ክሩ ላልቶ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል። ሁለት ጣት የሚያህል መዳብ ራቁቱን ወጥቷል። በመዳቡና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ወረቀት ብቻ ቢያሳልፍ ነው። ከፋለ የሚቀጥለውን ነፋስ ጠበቀ። ነፋሱ ሲመታት ሽቦው ተንቀጠቀጠ፣ ብረቱን ነካና ተመለሰ። ማብሪያው ጠፍቶ ስለነበር ምንም ድምፅ አልተሰማም። በነካው ቦታ ላይ ብልጭታ ያቃጠላቸው ሦስት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ነበሩ። ረቡዕ ስንት ጊዜ እንደጮኸች አስታወሰ። ሦስት ጊዜ።

ማክሰኞ ከደሴ የመጣው ናስትሮ ኪሱ ውስጥ ነበር። አውጥቶ ቆረጠና አውራ ጣቱ ላይ ለጠፈው። ክሩን ማውለቅ፣ ሰሙን በካቻቢቴ መፋቅ፣ መጠቅለል፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ይህን ሽቦ ማንም ባለሙያ ቢያየው እንከን አያገኝበትም። ያን ጊዜ የሚቀረው አባስና ኩስኩስቱ ነው።

ጎንበስ እንዳለ ክሩን በፒንሳው ጫፍ ያዘው። ከእስረኞቹ ክፍል ሰው ሲያስል ሰማ፤ የማን ሳል እንደሆነ ሊለይ አልቻለም።

ፒንሳውን አላቀቀ። ናስትሮውን ከጣቱ ላይ ልጦ ጣለው።

«ጋሻዬ፣ ጓድን ጥራልኝ።»

«ጨረስክ? ዘግተህ ፈርም ነው እኮ የተባልከው።»

«አልዘጋም። እሱ መጥቶ እስኪያይ ኮፈኑ እንደተከፈተ ይቆይ። ማንም እንዳይነካው፣ እኔም ብሆን።»

ጋሻዬ ፊቱን አየውና ቀልዱን ተወ። ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ቢሮው ሄደ።

ሂንድ ከግቢው በር ላይ ቆማ ኖሯል። ከፋለ ወደ እሷ ሄደ።

«አየሃት?» አለችው።

«አየኋት። አባስ አልነካትም። የኔ ሽቦ ነው፣ በደንብ አልጠቀለልኩትም።»

የሂንድ ፊት ሊፈታ ጀምሮ ቆመ። «ዛሬ ነው ያወቅኸው?»

አዎ ማለት ይችል ነበር። «ረቡዕ ነው» አለ። «ስትጮህ እንደሰማኋት።»

«ረቡዕ» አለች። «ትናንት በደጅህ ሳልፍ፣ ‹እንዴት አደርሽ ሂንድ› ብለኸኛል።»

«ብዬሻለሁ።»

ሂንድ ፊቷን ወደ እስረኞቹ ክፍል አዞረች። ከቢሮው በኩል የጓድ ሙሉሃብት ድምፅ ተሰማ፤ ምን ሆኖ ነው የማይዘጋው እያለ ከጋሻዬ ጋር ይመጣል።

«ሂንድ» አለ ከፋለ ቶሎ ብሎ፣ «ስትመለሺ በቤቴ በኩል እለፊ። አሰለችን፣ ‹ጋቢዬን ወደ ጣቢያው ላኪልኝ› ብሏል በያት። ወፍራሙን።»