የኑሪ መዳፍ

እኔ ረምላ ነኝ። ሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ፣ ከጋራዡ አጠገብ ያለችው የቆርቆሮ ቤት የእኔና የወንድሜ የኑሪ መሥሪያ ነበረች። መኪና ላይ እንጽፋለን። "እንጽፋለን" ስል ኑሪ ይጽፋል፣ እኔ አጥባለሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝም፣ ሙያ ያስያዘኝም እሱ ነው።

ሰው ማጠብ ሲባል ውሃ መድፋት ይመስለዋል። ኧረ ባካችሁ! ከፎንቆና ከሆመቾ የሚመጣ አሮጌ ሚኒባስ ፀሐይ ቀለሙን በልታ ዱቄት አድርጋዋለች። በመዳፍ ዳበስ ሲያደርጉት ወፍጮ ቤት የዋሉ ነው የሚመስለው። ዱቄቱ ላይ የተጻፈ ፊደል ደግሞ ከዱቄቱ ጋር ነው የሚወርደው። ስለዚህ በኦሞ ይታጠባል፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየተነከረ ቀስ ተብሎ ይፈገፈጋል፣ ይለቀለቃል፣ ሲደርቅ ቤንዚን በነካው ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። መጨረሻ ላይ መዳፍ ይታሻል። መዳፍ ከነጣ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል።

የሰነፍ መንገድም አለ። ሾፌሮች መኪና ሊሸጡ ሲሉ የደበዘዘውን ቀለም ናፍጣ በነካው ጨርቅ ይወለውሉታል። ያብረቀርቃል፣ ዱቄቱም ይተኛል። ግን ናፍጣ የጠጣ ብረት ቀለም አይዝም፤ የተጻፈበት ሁሉ ዝናብ ሲነካው ይላጣል። ይህንንም ያስተማረኝ ኑሪ ነው። "በእኔ ሥራ ላይ ናፍጣ ያስነካ እጁ ይቆረጥ!" ይል ነበር። ወላሂ፣ በዚያው አፉ።

በቤታችን አንድ ሕግ ነበረን። ያጠበው ሰው መዳፉን ብረቱ ላይ አሽቶ ለጸሐፊው ይዘረጋለታል። ጸሐፊው ያያል፣ ብሩሹን ያነሳል፣ በቃ። ብረቱን ደግሞ እኔ ልንካው፣ ልየው ማለት የለም። ነውር ነው፤ ውሸታም ነህ እንደማለት ነው። ኑሪ የእኔን መዳፍ አይቶ አንድም ቀን ብረት ነክቶ አያውቅም። ይህ ነገር ያኮራኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን እትዬ ትርሲት መጡ። ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ፣ በፎንቆ መስመር የሚሠሩ ሚኒባሶችም አሏቸው። ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ስለማመድ አገኙኝ።

"ይሄ የማን እጅ ነው?"

"የእኔ ነው፣ እትዬ።"

ቆርቆሮውን አንስተው ራቅ ቀረብ እያደረጉ አዩት። "በይ እንግዲህ፣ አሮጌዋን ሰማያዊ አንቺ ጻፊልኝ። ክረምቱን ከቻለች የቀሩትም ያንቺ ናቸው። ከሱቄ ጎን ያለችውን ክፍል እሰጥሻለሁ፣ የራስሽን ሥራ ትጀምሪያለሽ" አሉኝ።

የራሴ ክፍል! የራሴ ብሩሽ! ኑሪ ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ሳቀ።

"እሰይ የእኔ እህት! እንግዲያው እኔ አጥብልሻለሁ" አለኝ።

እጅጌውን ሰብስቦ ባልዲ ሲያነሳ ሳየው ዕንባዬ መጣ። የጋራዡ ሰዎች "ዛሬ ጉድ ነው፣ አለቃው አጣቢ ሆነ!" ብለው ሲተርቡት "ለእህቴ ነው፣ ምን አገባችሁ?" አላቸው። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የሚወደውን ቆጮ በአይብ ላመጣለት ወደ ቤት ሮጥኩ።

ስመለስ የሚኒባሷ በር እንደ አዲስ ያበራል። ኑሪ መዳፉን በሩ ላይ አሸ፣ ሱሪው ላይ ጠረግ አደረገ፣ ዘረጋልኝ። ነጭ ነገር የለውም። አየሁ፣ ብሩሼን አነሳሁ።

በሩ ላይ "ሆሳዕና – ፎንቆ" ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ ደግሞ እትዬ ያዘዙኝን "ሁሉም በጊዜው"። እጄ አልተንቀጠቀጠም። የጋራዡ ሰዎች መፍቻቸውን ጥለው መጥተው አዩ። ኑሪም "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ይሄንንም ብሎኛል!

የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ በጣለ ማግስት እትዬ ትርሲት በመኪናዋ መጡ። "ሆሳዕና" የሚለው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ ተንጠልጥሏል። "ፎንቆ" የሚለው ጭራሽ የለም። መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪው "ይቺ መኪና ለመሆኑ ወዴት ነው የምትሄደው?" እያለ ሲስቅ ነበር አሉ። እትዬ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ረምላ፣ እኔ እኮ አምኜሽ ነበር" አሉኝ ቀስ ብለው።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ። ኑሪ ትከሻዬን አቀፈኝና "ቀለሙ ላይ ማቅጠኛ ቲነር አብዝታ ነው እትዬ፣ እጇ ገና ነው። ይቅር ይበሏት። እኔ እጽፈዋለሁ፣ እሷ ታጥባለች" አላቸው። እኔም ደረቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አመንኩት እኮ! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው።

በማግስቱ አጠብኩ። ውሃው በሩ ላይ አልይዝ እያለ ይንከባለል ነበር፤ ግን ራሴን እየረገምኩ ስለነበር ልብ አላልኩትም። በኦሞ ደጋገምኩት፣ ፈገፈግሁት፣ ጣቴ እስኪላጥ። ሲደርቅ በቤንዚን ጠረግሁት። እትዬ ትርሲት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መዳፌን አሸሁና ለኑሪ ዘረጋሁለት።

መዳፌን አየ። ብሩሹን አነሳ። ቀለም ነከረ። ከዚያ ቆመ።

ብሩሹን መልሶ አስቀመጠ። በሩን በሁለት ጣቱ ነካው፣ ጣቶቹን አፋትጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አልበቃውም። ጎንበስ አለና አፍንጫውን በሩ ላይ ለጥፎ አሸተተ።

መጀመሪያ የተናደድኩት ሕጋችንን ስለጣሰ ነው። በሰው ፊት ውሸታም አደረገኝ ብዬ ደሜ ፈላ። ቀጥሎ ግን፣ ለምንድነው የሚያሸትተው? አልኩ በሆዴ። ዱቄት ይታያል እንጂ አይሸትም። ቤንዚን ወዲያው ይተናል፤ ሸትቶ የሚቀረው ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚል ቃል ደግሞ ማንም አላነሳም። ቲነር ነው የተባለው፤ ያውም በእሱ አፍ። ያ ሁሉ ማብራት፣ ሱሪው ላይ የጠረገው እጁ፣ እንቢ ያለው ውሃ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ያን ቀን ለምን አልሸተተኝም እንዳትሉኝ። ጋራዥ አጠገብ ያደገ ሰው ናፍጣ መቼ ይለያል? ደግሞስ የወንድምን እጅ ማን ያሸታል?

እኔና ኑሪ የምንነጋገረው በሃዲይሳ ነው። ያን ጊዜ ግን እትዬ ትርሲት እንዲሰሙ በአማርኛ ጠየቅሁት።

"ኑሪ፣ ምን ታሸታለህ?"

ቀና አለ። "ምንም።"

"ለምንም ነው አፍንጫህን የለጠፍከው?"

"ረምልዬ፣ ቤት እንነጋገራለን" አለኝ በሃዲይሳ።

"እዚሁ እንነጋገራለን!" አልኩት በአማርኛ። "እትዬ፣ ወንድሜ ናፍጣ እየፈለገ ነው። እሱ የሠራኝን እኔም የሠራሁት መስሎት።"

እትዬ ትርሲት ብድግ አሉ። "ኑሪ፣ እውነት ነው?"

ይምላል ብዬ ጠበቅሁ። ቢምል ምናልባት አምነው ነበር፤ ሞኝ ነኝ አላልኳችሁም? እሱ ግን ባልዲውን አየ፣ ሳሙናውን አየ፣ ከዚያ እኔን።

"አንቺ ከሄድሽ ማን ያጥብልኛል?" አለ።

ያ ረቢ! ቀናሁብሽ ቢለኝ፣ ሰይጣን አሳሳተኝ ቢለኝ ይሻል ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን ለካ ለፈረሱ ጋላቢ እንኳ አልነበርኩም። ወንድም አለኝ ብዬ የኖርኩት አሠሪ ኖሮኝ ነው።

እትዬ ትርሲት ብሩሹን አንስተው በእጄ አስያዙኝ። ያን ቀን የጻፍኳት "ፎ" ትንሽ ተጣማለች። ግን መኪናዋ ክረምቱን በሙሉ ከፎንቆ ሆሳዕና ስትመላለስ ከርማ ጽሑፏ አልተላጠም። ክፍሏም፣ የቀሩት መኪኖችም የእኔ ሆኑ። ኑሪ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠይቋል። እሺ ብያለሁ፤ በዒድም እንጠያየቃለን።

አሁን ማራኪ የምትባል የልጆች እናት ታጥብልኛለች። እጇ ንጹሕ ነው፣ ሥራዋም ንጹሕ ነው። መዳፏን ትዘረጋልኛለች፣ አያለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ በሩን አሸታለሁ። በሄድሁበት ሁሉ እንዲህ ነኝ፤ የሰው ቃል አይበቃኝም። እሷ አንገቷን ትደፋለች፣ እኔም አፍራለሁ፤ በሚቀጥለው መኪና ግን ደግሜ አሸታለሁ። አላህ ይየው ኑሪን፤ የተላጠውን ፊደል ትቼለታለሁ፣ ይሄን ግን እንዴት አድርጌ ልተውለት?