የነሐሴ ሰው

ራይካን ትኩሱን ጭቃ በሁለት እጇ አፍሳ የዙራ ጉልበት ላይ ለጠፈችና ቀና ብላ አየቻት።

«ይሞቃል?»

«አላውቅም» አለች ዙራ።

«አላውቅም ምን ማለት ነው እትዬ? ጉልበቱ ያንቺ ነው የኔ? ሌላ ጊዜ ገና ሳልነካሽ አልነበር እንዴ የምትጮኺው!»

ዙራ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ትንሽ አሰበች። ጭቃው ትኩስ ነው፤ እንፋሎቱ ይታያታል። ጉልበቷ ግን ሩቅ አገር ያለ ዘመድ ይመስል ወሬው ብቻ ነበር የሚደርሳት።

«ይሞቃል በይው» አለች።

ራይካን እግሯን በሸራ ጠቀለለችና ብርድ ልብስ ደረበችበት። የማረፊያው የጭቃ ሕክምና ሠራተኛ ናት፤ በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ ይህችን ሴት በጭቃ ስትጠቀልል ስለኖረች፣ የልቧንም የመጠየቅ መብት ያላት ይመስላታል።

«ሰውየሽ መጥቷል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጠዋት ከአልማቲ አውቶቡስ ሲወርድ አይቼዋለሁ። ትንሽ ከስቷል፤ ሳሉም ብሶበታል። ግን ሸሚዙ አዲስ ነው።»

«ደህና።»

«ደህና ብቻ? ኧረ አንቺ ሴትዮ! እኔ ብሆን ከነጭቃዬ ነበር የምሮጠው።»

ዙራ ዓይኗን ጨፈነች። ራይካን እንቅልፍ የወሰዳት መስሏት ወጣች።

ዙራ ናሪን ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስትቆም ውላ የምትገባ ሴት ናት። ጉልበቷ አላስቆም ሲላት ሐኪሙ የኢሲክ ኩል ሐይቅን ጭቃ አዘዘላትና፣ ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ዳር ያለው ይህ ማረፊያ የየዓመቱ ልማዷ ሆነ። ባሏ ሳግንበክ የድንጋይ ከሰል የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ከሥራው ፈቃድ ይወስድና በትንሿ መኪናው ተራራውን አሻግሮ ያመጣታል። ሻንጣዋን ተሸክሞ ያስገባል፤ አንድ ስኒ ሻይ ቆሞ ይጠጣል፤ «ጉልበትሽን አደራ» ይላትና ይመለሳል። መኪናዋ ከበሩ ወጥታ ስትታጠፍ፣ ጥዶቹ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቤክቦላት ብድግ ይላል።

ሳግንበክ ያውቅ ነበር? ዙራ ይህን ጥያቄ ዓመታት ሙሉ ስትሸሸው ኖራለች። አሁን ብትጠይቅም የሚመልስላት የለም። መጋቢት ላይ፣ በረዶው ገና ሳይለቅ፣ ጉበቱ ይዞት ሄደ። ዘንድሮ የመጣችው ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ተጣብቃ፣ በኮንትራት መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው። ልጇ አይዛዳ ናት ሂጂ ሂጂ ያለቻት። «እማዬ፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ ስታዪ ልታረጂ ነው» ብላ።

ከቤክቦላት ጋር የተዋወቁት በነፋስ ምክንያት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ዙራ እየዋኘች ሳለ የምዕራቡ ነፋስ ድንገት ተነሣና አሸዋው ላይ የተወችውን ቀሚስ ወስዶ ሐይቁ መሀል ጣለው። በዋና ልብስ ብቻ ውኃው ውስጥ ቆማ ስትርበተበት፣ አንድ ረጅም ካዛክ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ፣ የኋሊት እየተራመደ መጥቶ ኮቱን ዘረጋላት። በካራጋንዳ ከሰል ማውጫ ሰዎችን ወደ ጉድጓድ የሚያወርደውን ሊፍት የሚነዳ ሰው ነበር። የመጣው ለሳንባው ነው። ያን ቀን ምሳዋን በኮቱ ውስጥ ሆና በላች፤ የምግብ አዳራሹ ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷም ሳቀች። ከባሏ ጋር እንዲያ የሳቀችበት ጊዜ ትዝ አላላትም።

ከነሐሴ ውጭ አይደዋወሉም፤ አይጻጻፉም። እሱ ሚስት አለው፣ ኩልያሽ የምትባል። እሷ ባል አላት። «እኩል ነን» ትለው ነበር ዙራ ሲለያዩ። ሳግንበክ ሊወስዳት መጥቶ፣ መኪናው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ ተራራውን ስትወጣ፣ የምትጽናናው በዚያች ቃል ነበር። ለማካካሻ ይሁን ለይሉኝታ፣ በየዓመቱ ለኩልያሽ አንድ ነገር ትልክላት ነበር፤ አንዴ ከበግ ጠጉር የተሠራ የቤት ጫማ፣ አንዴ የናሪን ማር።

ከሰዓት በኋላ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ስትሄድ ቤክቦላት ቆሞ ጠበቃት። እውነትም ከስቷል፤ የአዲሱ ሸሚዝ አንገት ሰፍቶታል።

«ዘገየሽብኝ» አለ ፈገግ ብሎ። «ጠዋት በሩን ሳይ ውዬ መኪናችሁን አጣሁት። ተበላሸ እንዴ?»

«መኪናው ደህና ነው። ሳግንበክ ሞቷል።»

ይህን ለብዙ ሰው ስትናገር ስለከረመች የመድኃኒት ዋጋ እንደምትነግር ሆና ነው የነገረችው። ቤክቦላት ቆቡን አወለቀ።

«ሳግንበክ ነው ስሙ?»

«ነበር።»

«ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሁለት መዳፉን ዘረጋ። ሳሉ እያቋረጠው ከቁርዓን ቀራለት፤ ዘለግ አድርጎ፣ ለገዛ ወንድሙ እንደሚቀራ። ይህ ሰው ስንት ዓመት ከጥዶቹ ሥር ተቀምጦ ያቺን መኪና እስክትሄድ የጠበቀ ሰው ነው። ዙራም መዳፏን ዘረጋች። ሲጨርስ ሁለቱም ፊታቸውን አበሱ።

ከቦርሳዋ ግራጫ ሻሽ አወጣችና ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«ይኼ የኩልያሽ ነው። ሆስፒታል ሳግንበክ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት። እጄ ሥራ ካልያዘ አላስቀምጠኝ አለ።»

ቤክቦላት ሻሹን አልነካውም። ጭኑ ላይ ትኩስ ነገር የወደቀበት ይመስል እጆቹን ወደ ላይ ያዘ።

«ይኼን መቀበል አልችልም» አለ።

«ለምን? ቀለሙን ትጠላዋለች?»

«ዙራ… ኩልያሽ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«ሞታለች። አምስተኛ ዓመቷን ልትይዝ ነው።»

ሐይቁ ላይ በፔዳል የምትሄድ ጀልባ ውስጥ ያሉ ልጃገረዶች ይንጫጫሉ። ዙራ ንዴቱ እስኪመጣ ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም። የመጣላት የሂሳብ ጥያቄ ነበር።

«አምና ጉንፋን አልለቃት አለ ብለኸኝ ነበር።»

«ዋሽቼሻለሁ።»

«ማር ላክሁላት እኮ።»

«በላሁት።»

«ጫማውስ?»

«እሱም…» አንገቱን ደፋ። «እኔው ነኝ የማደርገው። ይጠበኛል። ጣቴን አጥፌ ነው።»

ከዙራ ጉሮሮ ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣ። ለራሷም ከሌላ ሰው አፍ የወጣ መሰላት።

«ለምን?» አለች።

«እኩል ነን ትይ አልነበር? ብነግርሽ እኩል መሆናችን ያበቃል። ወይ ታዝኚልኛለሽ፣ ወይ ሊያገባኝ ነው ብለሽ ትፈሪኛለሽ። በሚቀጥለው ነሐሴ ደግሞ አትመጪም። በሞተች ሴት ስም ስዋሽ እንቅልፍ የሚወስደኝ እንዳይመስልሽ። ግን በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ሆኜ የምውለው እዚህ ብቻ ነው።»

ዙራ ዓይኗን ወደ ሐይቁ መለሰች። እሱ ይህን ፈራና ወሬ አበዛ። «አሁን ግን አንቺም… እንግዲህ ምን እንሸሻለን? ካራጋንዳ ነይ። ሁለት ክፍል ነው፤ ለብቻዬ ይሰፋኛል። የቤቱ ማሞቂያ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በሸሚዝ ነው የምውለው። ለጉልበትሽም—»

«ለማሞቂያ ነው የምታገባኝ?»

«አትቀልጂብኝ እንጂ።»

«አልቀለድኩም።»

ተነሥታ ወደ ውኃው ሄደች። ጫማዋን ዳር ላይ አወለቀች፤ ቀሚሷን ግን አላወለቀችም። የሐይቁ ውኃ በነሐሴም ቢሆን ከተራራው በረዶ የሚወርድ ነው፤ ሰው እየጮኸ ነው የሚገባበት። ዙራ ሳትጮህ ገባች። ውኃው ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ ጉልበቷ፣ ከዚያ ወገቧ ላይ ደረሰ። እዚያ ቆመች። ማዶ ያሉት ተራሮች ላይ በረዶው ነጭ ነበር። ልትሰምጥ አልፈለገች፤ ልትወጣም አልፈለገች። እንዲሰማት ብቻ ነበር የፈለገችው፤ ብርዱ የት ላይ እንደሚጀምር ለማወቅ።

«ዙራ! ውጪ እንጂ! ከንፈርሽ ጠቆረ!»

ሰምታዋለች። መልስ መስጠት ግን ብዙ ሥራ መስሎ ታያት። ከኋላዋ ውኃው ሲንቦጫረቅ ሰማች። ቤክቦላት ከነጫማው፣ ከነአዲሱ ሸሚዙ ገብቶ ክንዷን ያዘና ጎተታት። አልታገለችም፤ እንደ ዕቃ ተከተለችው። አሸዋው ላይ ሲደርሱ ሳሉ ተነሣበት። እጥፍ ብሎ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ ፊቱ እስኪጠቁር ሳለ። ዙራ ሳታስብ እጇ ሄዶ ከሁለቱ ትከሻዎቹ መሀል፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ሁልጊዜ የሚያሻለው ቦታ ላይ አረፈ። እየደበደበች አስተነፈሰችው። የሸሚዙ እርጥበት ቀዘቀዛት፤ ከሥሩ ያለው ገላ ደግሞ ሞቃት። ሁለቱንም ለየቻቸው፤ ግን ደስ አላላትም፣ አልከፋትምም።

ትንፋሹ ሲመለስ ኮቱን ከወንበሩ አምጥታ አለበሰችው። እሷ ሻሹን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«እምቢ ነው ማለት ነው?» አለ ቤክቦላት።

«አላውቅም።»

«አላውቅም እምቢ ነው።»

«አላውቅም ማለት አላውቅም ነው። ስማኝ። አስከሬኑ ድንኳን ውስጥ ሳለ ሙሾ ማውረድ የኔ ፈንታ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ አፌን ያያሉ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቴ ስሰማው ነው ያደግሁት። ድምፅ ግን አልወጣኝም። እህቱ ገፋ አድርጋኝ ተቀመጠችና በኔ ፈንታ አወረደችለት። እስከ ዛሬ አታናግረኝም። አልወደደችውም ብላለች አሉ።»

«ወደድሽው?»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከብረት የተሠራ ሰው መስሎኝ ነው የኖርሁት። መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ውስጥ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ነሐሴ ሲመጣ ማን ያደርስሻል?› አለኝ። ሌላ አላለም።»

ቤክቦላት ውኃ የጠጣ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጀልባዋ ተመለሰች፤ ልጃገረዶቹ እየተሳሳቁ በአጠገባቸው አለፉ። አንዷ ሁለቱን የረጠቡ አሮጊትና ሽማግሌ አይታ በጓደኛዋ ጆሮ አንድ ነገር አንሾካሾከች።

የዙራ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። አይዛዳ ናት።

«እማዬ፣ ምነው ድምፅሽ? በረደሽ እንዴ?»

«ዋኝቼ ነው።»

«ጎሽ! ዋኚ። ስሚኝማ፣ አጎቴ እየነዘነዘኝ ነው። ለአባዬ የሙት ዓመት የሚታረደውን ፈረስ ከአሁኑ ልግዛ እያለ። መጋቢት ላይ ዋጋው ይወደዳል ይላል። ከሩቅ የምንጠራውን ሰው ደግሞ አሁን ንገሩኝ ነው የሚለው፤ የት እንደምናሳድራቸው ይወሰን አለ። ከቢሽኬክ የአባዬ የሥራ ጓደኞች አሉ፣ ከኦሽ አክስቴ… ሌላ አለ?»

ዙራ ቤክቦላትን አየችው። ስልኩ ድምፁ ጮክ ስለሚል ሁሉንም ይሰማል። ሊርቅላት ፈልጎ ብድግ ሊል ሲል እጅጌውን ይዛ አስቀመጠችው።

«አንድ ሰው ጨምሪ» አለች።

«ማንን?»

«ከካራጋንዳ የሚመጣ ነው። ቤክቦላት ይባላል።»

ቤክቦላት ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳታደርጊው እንደማለት። እጅጌውን አልለቀቀችለትም።

«ቤክቦላት…» አለች አይዛዳ ስሙን አፏ ውስጥ እያገላበጠች። «የአባዬ ጓደኛ ነው? ያውቀው ነበር?»

«አያውቀውም። የሚያውቀው እኔን ነው።»

ስልኩ ውስጥ የአይዛዳ ቤት ቴሌቪዥን ብቻ ከሩቅ ይሰማል። ዙራ ልጇ ምን እንደምታስብ፣ የሳግንበክ እህት ምን እንደምትል፣ እሷ ራሷ እስከ መጋቢት ምን እንደምትሆን አላወቀችም። ነፋስ ተነሥቶ የእርጥብ ቀሚሷን ጫፍ እግሯ ላይ ለጠፈው።

«እማዬ» አለች አይዛዳ በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ያድራል?»

«ያድራል። ከወንዶቹ ጋር አንጥፉለት።» ዙራ ትንሽ ቆም አለች። «ሁለት ትራስ አድርጉለት። ዝቅ ብሎ መተኛት አይችልም።»