በአንድ ዓይንም ይሠራል

ሥራ አስኪያጁን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጋሼ» ይለዋል። በሥጋ የምትዛመደው የወንድሙ ልጅ መሐንዲሷ ብቻ ናት፤ የቀሩት በደመወዝ ነው የተዛመዱት።

የዚያን ቀን ያለመነጽር ጥልቀት የሚያሳየውን ስክሪን ሊያዩ ተሰበሰቡ። ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው ሸንተረር ሸንተረር ያለው ስስ ፕላስቲክ አንዱን ምስል ለቀኝ ዓይን፣ ሌላውን ለግራ ይልካል፤ አእምሮ ሁለቱን አጋጥሞ ጥልቀት ያወጣል። ታዲያ በደንብ የሚታየው ከመሐለኛው ወንበር ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ከጋሼ በቀር ማን ደፍሮ ይቀመጣል? ዳር የቆሙት የሚያዩት ድርብርብ ነገር ነው። ቢሆንም ገና ሳይበራ ማድነቅ ጀምረዋል።

መሐንዲሷ ጠዋት ማንም ሳይገባ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ስታየው ፕላስቲኩ ተንሸራቶ ተለጥፏል። የቀኙ ምስል ለግራ ዓይን ስለሚደርስ ቅርቡ ሩቅ፣ ሩቁ ቅርብ ሆኖ ይታያል። ስክሪኑ ደግሞ ነገ የሚላከው ለቀዶ ጥገና ሐኪሞች ነው። ብትናገር «ጋሼ ሳያዩት እንዴት ተበላሸ ይባላል?» ብለው ሠራተኞቹ አፏን አስያዟት።

ስክሪኑ በራ። ልብ ታየ፤ ከፊቱ መቀስ። እንደተበላሸው ከሆነ መቀሱ ከልቡ ኋላ መስጠም ነበረበት። ጋሼ ግን «ውይ!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። «አፍንጫዬን ሊቆርጠኝ!»

«እኔንም ለጥቂት ነው የሳተኝ» አለ ገንዘብ ያዡ፣ በሩ ጋ ቆሞ።

«ጋሼ፣ የምስሉ ጥልቀት ተገልብጧል» አለች መሐንዲሷ። «አንድ ዓይን ሲጨፈን ጥልቀቱ ይጠፋል። እስቲ ጨፈን ከፈት አድርገው ያወዳድሩት።»

ጋሼ ግራ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከፈተ፤ ደግሞ ጨፈነ። «ምንም ለውጥ የለውም!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «በአንድ ዓይንም ይሠራል! ማስታወቂያው ላይ ይግባ!»

ያኔ ገባት። ግራ ዓይኑ አያይም፤ ደብቆ ነው የኖረው። አዘነችለትም፣ ተናደደችም። ዞር ስትል ሠራተኛው ሁሉ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «እውነትም!» ይላል።

«አንቺስ፣ የኔ ልጅ? ይላክ አይደል?» አላት ጋሼ።

«አይላክም» አለች። «በአንድ ዓይን ይህን ጥልቀት የሚያይ ሰው የለም፤ እርስዎም አላዩትም። ሐኪሞቹ ግን ያዩትን አምነው የሰው ደረት ይከፍታሉ።»

ጋሼ ፊቱ ደም መሰለ፤ ጫማውን እያየ «ፕላስቲኩ ተነስቶ እንደገና ይለጠፍ» አለ ቀስ ብሎ።

«እኛም ልንል ነበር» አለ ገንዘብ ያዡ። ዓይኑን ግን ገና አልከፈተም፤ ክፈት አልተባለማ።