ባዶ መኪና ከፍ ይላል

የልጅ ልጄ በባቡሩ ድልድይ ጥበቃ ከተቀጠረች ወዲህ፣ ምሳዋን አድርሼ እመለሳለሁ ብዬ ወጥቼ ተመልሼ አላውቅም። የጥበቃ ቤቷ በር ላይ ዱካ ስቤ እቀመጥና ሥራዋን እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ። “አያቴ፣ ጠባቂዋ እኮ እኔ ነኝ” ትለኛለች። ትበል። እናቷ ስትሞት እጄ ላይ ጥላብኝ የሄደችው አንድ እሷን ነው።

ባቡሩ ከላይ፣ መኪናው ከሥር ያልፋል፤ ድልድዩ ግን ዝቅ ያለ ነው። ረጃጅም መኪና እንዳይመታው ከወዲህ ሁለት ምሰሶ ላይ ብረት ተጋድሞ ሰንሰለት ተንጠልጥሎበታል። የመኪናው ጣሪያ ሰንሰለቱን ካንኳኳ ድልድዩንም ይመታል ማለት ነው። ያን ጊዜ የልጅ ልጄ መንገዱን በአግዳሚው እንጨት ዘግታ፣ መኪናውን በዙሪያው መንገድ ትመልሰዋለች። ተመለስ የተባለ ሹፌር ደግሞ ሰውነቱን ይረሳል። አንዱ ይሰድባታል፣ አንዱ ይተፋባታል፤ አንዱማ በጥፊ አጩሏት ጆሮዋ ሲጮህ ሰነበተ። “ሜትር” የሚል ስም ያወጡላትም እነሱ ናቸው። ባልም ለክተሽ ነው የምታገቢው ሲሏት፣ አዎ፣ አናቱን እንዳይመታ አጭር ነው የምፈልገው ትላለች። እሷ ትስቃለች።

የዚያን ቀን የመጣው ግን ባዳ አልነበረም። የገዛ ልጄ ነው፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም። ጠዋት ሲሚንቶ ጭኖ ሲያልፍ ሰንሰለቱን ንክች አላደረገውም። ከሰዓት በኋላ ባዶውን ሲመለስ ሰንሰለቱ ከዳር እስከ ዳር ተንጫጫ።

ሜትር ዘጋችበት። ልጄ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ጠዋት በዚሁ አልፌ የለም ወይ አላት። ለስለስ ብላ አስረዳችው፤ ጠዋት ጭነቱ ከሥር ያለውን ተለማጭ ብረት፣ ባሌስትራውን፣ ተጭኖ መኪናውን ዝቅ አድርጎት ነበር፣ ሲራገፍ ባሌስትራው ተነሣ፣ ከኋላ ያለው የብረት ሣጥንም አብሮ ከፍ አለ። ይህ ጠፍቶት አይደለም፤ መሪ ላይ ያረጀ ሰው ነው። መጋዘኑ ሳይዘጋ ሌላ ጭነት ሊደርስ ቸኩሏል። ከዚያ በላይ ግን የሥጋ ዘመድ ዘጋብኝ ብሎ ነው ደሙ የፈላው። ከኋላው የቆሙት ጥሩምባ እየነፉ፣ የእህትህ ልጅ ጉድ ሠራችህ እያሉ ሲስቁበት ባሰበት።

የጎማ መፍቻውን ብረት ይዞ ወረደ።

“ክፈቺ።”

“አጎቴ፣ ሥሩ ሰው አለ።”

እውነቷን ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለው ፋብሪካ ሠራተኞች ተለቀው በድልድዩ ሥር በእግራቸው እየመጡ ነበር።

“አጉርሼ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።”

“አያቴ ናት።”

በብረቱ አናቷን አላት። ተንበረከከች፤ ደሙ በቅንድቧ ወርዶ ዐይኗን ሸፈነው። ለመከላከል እጇን ብታነሣ እጇን ደገማት፤ እንደ ጭራሮ ሲሰበር ሰማሁት። እንጨቱን ገፍቶ ከፈተና ተመልሶ ጋቢናው ላይ ወጣ።

እሷስ ሸሸች መሰላችሁ? እየተንገዳገደች ወደ ድልድዩ ሮጣ መሀል መንገድ ላይ ቆመች፤ በደኅናው እጇ ሰዉን ወደ ኋላ ትመልሳለች። ሞተሩ አጓራ። ይቆማል ብዬ ነበር። የወለድኩት ነውና ይቆማል ብዬ ነበር። አልቆመም።

ለጎማ ታኮ የሚሆን ድንጋይ እግሬ ሥር ነበር። በዚህ ጉልበቴ እንዴት እንደተነሣልኝ ፈጣሪ ይወቀው። መኪናው አጠገቤ ሲደርስ በተከፈተው መስኮት ወረወርኩት። ልጄን መንጋጋው ላይ አገኘው፤ መሪው ከእጁ አመለጠ። መኪናው ዞሮ ከድልድዩ ግንብ ጋር ተላተመ። የሣጥኑ አናት የድልድዩን ብረት መትቶ እንደ ጣሳ ተቀደደ፤ ጋቢናው እግሩን ይዞ ተጨፈለቀ። ቆርቆሮው፣ መስታወቱ፣ የግንቡ ድንጋይ ሁሉ ሜትር ላይ ዘነበ። ከፊት መከላከያው እስከ ደረቷ አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

ሁለቱም አንድ ሆስፒታል ተኙ፤ እሷ በሴቶቹ ክፍል፣ እሱ በወንዶቹ። ጭንቅላቷ ተሰፋ፣ እጇ በጀሶ ታሰረ። የሱን እግር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። እሱን ሊጠብቅ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ እኔን ባየ ቁጥር መሬት መሬት ያያል። ጎረቤቶቼም ልጇን የወገረች እናት ይሉኛል አሉ። ይበሉ።

ውሃ በማንኪያ ላጠጣው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ ቃሉ በጥርሱ መሀል ነው የሚወጣው።

“እማዬ፣ እኔ እኮ ልጅሽ ነኝ።”

“ነህ። ብትገድላት ኖሮ ግን የልጅ ልጅም ልጅም አይኖረኝም ነበር።”

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዞር ይልልኝ እንደሆነ ብዬ ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆየሁ፤ ውሃው አንሶላው ላይ ተንጠባጠበ። ከወዲያ ክፍል ሜትር ስትጣራ ሰማሁ። ማንኪያውን የጎኑን በሽተኛ ለምታስታምመው ሴት ሰጠሁና፣ ቀስ እያለች እንድታጠጣው ለምኛት፣ ወደ ልጅቷ ሄድኩ።