ሙሽራው በባልዲ

የፖም እርሻው ሥራ አስኪያጅ መስመር የሳተ ነገር አይወድም። ሠራተኞቹ እሱ በሌለበት «አቶ ቀጥ» ይሉታል። ከእሱ ነገር ሁሉ ጠመም የሚለው ፊርማው ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን የሚያኖረው ወረቀቱን ሳያነብ ነው።

ዛፎቹ አበባ ባወጡ ሰሞን፣ አንድ ማለዳ በየረድፉ መሀል የቆሙትን ጎባጣ ዛፎች በጣቱ ጠቆመ።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?»

«ሙሽሮች ናቸው፣ ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው አትክልተኛ።

«እዚህ ሠርግ የለም! ፍሬያቸው ኮምጣጣ፣ ቁመናቸው ጎባጣ። ይቆረጡ!»

ወጣቷ ባለሙያ ጉሮሮዋን ጠረገች። ይህ ፖም በራሱ ዝርያ የአበባ ብናኝ አያፈራም፤ ንብ እንደ ሙሽሮቹ ካለ ሌላ ዝርያ ካላመጣችለት አበባው አምሮ፣ አምሮ ይረግፋል። ሙሽሮቹ ከሌሉ ፍሬ የለም፤ ፍሬ ከሌለ የአርባ ለቃሚዎች እንጀራ የለም። ይህን ለማስረዳት «ንብ…» ብላ ስትጀምር አቶ ቀጥ ሰዓቱን አየ።

«ንብ ድሮ ቀረ። ብናኝ መንፊያ ገዝተናል» አለ እሱ።

መንፊያው ከዋናዎቹ ዛፎች የተሰበሰበውን ብናኝ መልሶ እነዚያው ላይ ይነፋል።

«እህትን ለወንድም መዳር!» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ መሬት እያዩ።

እኩለ ቀን ላይ ሙሽሮቹ ከነአበባቸው ተጋደሙ።

«አባባ፣ አበባው ሳይጠወልግ ስንት ቀን ይቆያል?» አለች ባለሙያዋ።

«ውሃ ካገኘ አራት አምስት ቀን ይቆያል፣ ልጄ።»

ሁለቱ የወለል መወልወያ ባልዲዎቹን ሰብስበው ውሃ ሞሉ። የተቆረጡትን ቅርንጫፎች ነከሩና በአጥሩ ጥግ፣ ከቀፎዎቹ አጠገብ ባለው የመጨረሻ ረድፍ ደረደሯቸው። ንቦቹ የሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ አልደረሳቸውም ነበርና ሥራቸውን ሠሩ።

በመከር ጊዜ መንፊያው ያለፈባቸው ረድፎች ጥቂት ፍሬ ሰጡ፤ እሱም በአንድ ጎኑ አብጦ በሌላው የከሳ ነው። አቶ ቀጥ አንዱን ለሁለት ሰነጠቀው። ውስጡ ባዶ ነበር።

«ዘር አልባ! አዲስ ዝርያ ፈጠርን እኮ!»

«መካንነትንም ሙያ አደረጉት» አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ።

የመጨረሻው ረድፍ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ቅርንጫፎቹ በክብ በክብ ፍሬ ጎብጠዋል።

«እዚህ ምን አደረጋችሁ?»

ባለሙያዋ «በ… በባልዲ…» አለች።

«ባልዲ!» አጨበጨበ። «እስከ ዛሬ እንዴት አላሰብነውም? ለከርሞ በየዛፉ ሥር ባልዲ ይቀመጥ! የግዢ መጠየቂያ አዘጋጂ።»

ሽማግሌው ሊናገሩ ሲሉ እግራቸውን ቀስ ብላ ረገጠቻቸው።

ቢሮ ገብታ ጻፈች፦ አንደኛ፣ ባልዲ፣ ሦስት መቶ። ሁለተኛ፣ ለአበባ የደረሰ ሙሽራ ዛፍ፣ ስልሳ።

አቶ ቀጥ «ባልዲ» የሚለውን አየና ብዕሩን አነሳ።

«ክዳን ያለው ይሁን» አለ እየፈረመ።

«እሺ» አለች።