የአባቦራ ምስክርነት

ግንቦት 10 ቀን 1991 ዓ.ም. ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሰኮሩ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት የተገኘነው ሊቀመንበሩ አቶ ልዑል፣ እናቴ ሐጂራ፣ ታናሽ ወንድሜ አብዱልሃዲ፣ ጎረቤታችን አባቦራና እኔ ነበርን። ጸሐፊው ጅማ ስለሄደ ቃለ ጉባኤውን እንድጽፍ ታዘዝኩ። እኔን ግራ ዓይኔ ስለማያይ ከዘመቻው አስቀርተውኛል።

ቀበሌው ለግንባር አሥር ወጣት እንዲያቀርብ ታዟል። አብዱልሃዲ አሥረኛው ሆኖ ተመዝግቧል። ዕድሜው ግን አሥራ አራት ነው። የልደት ወረቀት የለውም፤ እኛ ዘንድ ዕድሜ የሚጸድቀው ሽማግሌ ቆሞ ሲመሰክር ነው። እናት ለልጇ አትመሰክርም።

እናቴ አባቦራን የመረጠችው አስባበት ነው። ሩዋንዳ ለሰላም ማስከበር ዘምተው የተመለሱ ሰው ናቸው። እዚያ ጠመንጃ የያዙ ሕፃናትን ሲያገኙ፣ ዕድሜያቸውን ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጠይቀው ለእናቶቻቸው እንዴት እንደመለሷቸው፣ ቡና ስናሰጣ ይነግሩን ነበር። «ሽማግሌዎቹ ባይደፍሩ ኖሮ እኛ ምን እናውቅ ነበር?» ይሉ ነበር። በመንደር ምሥረታ ጊዜ ቤታችን ሲፈርስ፣ ገና ያልዳኸውን አብዱልሃዲን አቅፈው አዲሱ ቦታ ያደረሱትም እሳቸው ናቸው።

አቶ ልዑል ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ጺም ብቻ ነው የጎደለው፤ እሱን ግንባር ያበቅላል» አሉ። የስም ዝርዝሩን ገለጡ። «ይሄ ከወጣ ደግሞ ቀጣዩ ተራ የአባቦራ ልጅ ነው።»

«ይሁን፤ እሳቸው እውነቱን ይናገራሉ» አለች እናቴ።

አባቦራ ተነሥተው ማሉ። «አሥራ ስምንት ሞልቶታል» አሉ።

«ማሎ፣ እባክዎ አባቦራ! በእጅዎ ያቀፉት ልጅ! የሰው አገር ልጅ አድነው የእኔን?»

«ሐጂራ» አሉ መሬት መሬት እያዩ፤ «እዚያ የእኔ ልጅ ተራ ውስጥ አልነበረም።»

አቶ ልዑል ያልሰሙ መሰሉ። አብዱልሃዲ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ንገራቸው እንጂ! ወላሂ፣ ምን ዝም ትላለህ?»

ልናገር ፈለግሁ። ግን ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩ።

«ጻፍ» አሉኝ አቶ ልዑል።

ጻፍኩ። አንድም ፊደል አልሳትኩም። እናቴ ወረቀቱን ማንበብ ባትችልም እጄን ታይ ነበር።

«እሳቸውስ ልጅ አላቸው» አለችኝ። «አንተስ?»

አብዱልሃዲ ሐሙስ ጠዋት ሰኮሩ ላይ ከዘጠኙ ጋር ተጭኖ ሄደ። መርዶው በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ውስጥ ደረሰን።